የከርሞ ሰው ይበለን

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ። ዘመነ ማርቆስን የሰላም ያድርግልን።

ይህን የበዓል መልእክት ስጽፍላችሁ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ሁልጊዜም የምጽፈው ጳጉሜን ልትሸኝ በተቃረበችበት ማታ ነበር። ዘንድሮ አረፈድኩ። ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል። ወጡ ምድጃው ላይ ይንተከተካል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ የሰፈሩ ወንዶች ልጆችም እስካሁን አምስት ሥዕል አስታቅፈውኛል። አንደኛው የሣለው መልአክ የእግር ኳስ ማሊያ የለበሰ ይመስላል፤ ክንፎቹ ግን ስለሚያምሩ ብሩን ጨመር አድርጌለታለሁ። የዶሮዋን ዋጋ አታንሡብኝ። ሻጩ ሲነግረኝ ዶሮዋ ራሷ ቀና ብላ ያየችው መሰለኝ።

ያረፈድኩት በሥራ ብዛት አይደለም። ጎሕ ሲቀድ ከእንቅልፌ ነቅቼ፣ ሳላስበው ስልኬን አንሥቼ፣ መንዝ ወዳለችው ጎረቤታችን ልደውል ስል ጣቴ ቁጥሩ ላይ ቆመ። በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን፣ ገና ሳይነጋ ወደዚያ ቁጥር እደውል ነበር። ጎረቤታችን ስልኩን ይዛ አጥር ትሻገራለች፤ ውሻው ይጮሃል፤ በሩ ሲንቋቋ ይሰማኛል። ከዚያ እምዬ ስልኩን ከፊቷ ራቅ አድርጋ ትይዝና በመካከላችን ያለውን ተራራ ሁሉ በጉሮሮዋ የምትሻገር ይመስል «እንኳን አብሮ አደረሰን!» ትላለች። የቤቱን ሰው አንድ በአንድ ትጠይቃለች፤ የቤት ሠራተኛዬን እንኳ አትረሳም። ስትሰናበተኝ ደግሞ ሁልጊዜ ያችኑ ቃል ነው፤ «የከርሞ ሰው ይበለን።»

እምዬ አያቴ ናት፤ የእናቴ እናት። በየካቲት አረፈች።

ዕድሜዋን ስትጠየቅ ቁጥር ተናግራ አታውቅም። የተወለደችው በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት፣ በስድስተኛዋ ቀን ነው። እናቷ ደግሞ «ጣሊያን አገር ሲይዝ ጡት ትጠቢ ነበር» ብላታለች። በቃ፣ የልደት ምስክር ወረቀቷ ይኸው ነበር። ልጄ ይህን በሰማች ጊዜ ወረቀትና እርሳስ አምጥታ፣ ከ2015 ጀምራ አራት አራት እየቀነሰች ወደ ኋላ ተጉዛ 1927 ላይ ደረሰች። ቀጥላም ጳጉሜን ስድስት በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ስለምትመጣ እምዬ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው ብላ ፈረደች። በስልክ ስንነግራት ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ሲለቃት «እንግዲያ ባል ፈልጉልኝ» አለችን።

ስለ ሴት አያቶች ሲጻፍ እንጀራቸውና ምርቃታቸው ይቀድማል። እኔ መሬቷን አስቀድማለሁ፤ እሷም ብትሆን የምታስቀድመው እሱን ነበር። እምዬ የገበሬ ልጅ፣ የገበሬ ሚስት፣ የገበሬ እናት ነበረች፤ እሷን ራሷን ግን ገበሬ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም። ከበሬው ኋላ ከመሄድ በቀር ያልሠራችው የእርሻ ሥራ የለም። ጓል አድቅቃለች፣ አርማለች፣ አጭዳለች፣ ነዶ ተሸክማለች፣ አውድማ በእበት ለቅልቃለች። ስምንት ወልዳ አምስት አሳድጋለች።

ከማሳዎቹ አንዳንዶቹ በእናቷ በኩል በርስት የወረዱ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሲያደርገው ርስት የሚባለው ቀረ፤ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብም የባሏ፣ የወንድ አያቴ ስም ሰፈረ። አዋጁ መሬት ሲደለደል በወንድና በሴት መካከል ልዩነት አይደረግም ይላል፤ ሞፈርና ቀንበር ግን አዋጅ አያነቡም። እሷም በበኩሏ መዝገቡን አላነበበችም። ማሳዎቹን እስከ መጨረሻው የጠራቻቸው የእናቷ እናት ባወጣችላቸው ስም ነበር።

የ1977ቱ ክፉ ቀን ባለፈ ማግሥት አያቴ ሞተ። ከዚያ በኋላ መሬቱን ለእኩል ትሰጥ ጀመር። እኩል አራሽ ሆኖ እሷ ዘንድ መግባት ቀላል አልነበረም። እሱ ሲያርስ እሷ እንዝርቷን ይዛ ማሳው ዳር ትቀመጣለች፤ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ዓይኗ ግን ፈትሉ ላይ አይደለም። ትልሙ ከጠመመ እንዝርቷን ታስቀምጥና ትነሣለች። በቃ መነሣቷ ብቻ ይበቃል፤ አራሹ በሬዎቹን ይመልሳል። ምርት ሲካፈሉ ግን የመጨረሻዋን ቁና ሁልጊዜ ለእሱ ትለቅለት ነበር። «በሬውም የበላው ያስፈልገዋል» ትላለች።

እኔ እሷ ዘንድ ያደግኩት እናቴ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ስለነበር ነው። እናቴ አንድ ጊዜ ከፋብሪካው ብርድ ልብስ ገዝታ አመጣችላት። እምዬ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሸት አሸት አድርጋ «ይኼ በግ አይቶ አያውቅም» ብላ አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። እሷ የፈተለችው ባና ዛሬም እኔ ቤት አለ፤ ከባድነቱ ሰው ደረትህ ላይ የተኛ ያህል ነው።

የእኔ ሥራ ጭላዳ ዝንጀሮ ማባረር ነበር። ገብሱ ፍሬ ሲይዝ ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ ይወጡና በቡድን ይገባሉ፤ እኔ ወንጭፍ ይዤ እጮሃለሁ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ወንድ ነበረ፤ ጎፈሩን ነስንሶ ቁጭ ይልና እኔ ስጮህ ዝም ብሎ ያየኛል። እሱን እስካሁን አልረሳሁትም። ጭላዳ ግን ቢሰደድ ይሄዳል፤ የማይሰደደው ውርጭ ነው። የጥቅምት ሌሊት ሰማዩ ከጠራ እምዬ አትተኛም። ጠዋት ማሳው ውስጥ ትገባና የገብሱን ራስ በጣቷ ጫን አድርጋ ታየዋለች፤ ፍሬው ባዶ ከሆነ ምንም ሳትናገር ትመለሳለች። የዚያን ቀን ቂጣው ያንሳል። እኛ ልጆቹም በዚያ እናውቃለን።

እናንተ የከተማ ልጆች እንቁጣጣሽ የጥጋብ በዓል ይመስላችሁ ይሆናል። መንዝ ውስጥ በመስከረም አንድ ሜዳው ሁሉ ለምለም ነው፤ ጎታው ግን ባዶ ነው፤ አዲሱ እህል እስኪደርስ ገና ሁለት ወር ይቀራል። እምዬ ለዚህ ቀን ከጥር ጀምራ የምትደብቃት አንዲት ትንሽ ጎታ ነበረቻት፤ «የዮሐንስ» ትላታለች። በነሐሴ ቆሎ እንኳ ሲጠፋ ማንም አይነካትም። ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤልን ጠበል ተጠምቀን ስንመለስ ውታፉን ትነቅላለች። ስንዴው ሲንሿሿ የነበረው ድምፅ ለእኔ እስከ ዛሬ የአዲስ ዓመት ድምፅ ነው።

ዳቦው ሲቆረስ ደግሞ አንድ ቁራሽ ይቀመጣል።

ትንሹ አጎቴ፣ የማኅፀኗ መጨረሻ፣ በ1980 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እኔ ስድስት ዓመቴ። ከእሱ የማስታውሰው ብዙ አይደለም፤ በትከሻው ላይ አስቀምጦ ገደል አፋፍ ድረስ ወስዶ ሊያስፈራራኝ መሞከሩን፣ ፉጨቱን፣ የሄደ ዕለት አዲስ ጫማ ማድረጉን። አንድ ደብዳቤ ከአሥመራ መጣ። ሌላ አልመጣም።

በግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ የተበተኑት ወታደሮች በእግራቸው ወደየአገራቸው ይገቡ ጀመር። እምዬ በሶ ፈጭታ፣ ትልቁን ቅል እኔን አሸክማ፣ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ወጣች። አንድ ሳምንት አልፎ ሌላ ሳምንት፣ ከዚያም ሌላ ሳምንት በየቀኑ ተቀመጥን። አንዳንዶቹ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። አንዳንዶቹ ጨርቅ ጠምጥመዋል። ለእያንዳንዱ በሶ በጥብጣ ትሰጣለች፤ እስኪጠጣ ትጠብቃለች፤ ከዚያ የልጇን ስም ትጠራለች፤ «የእኔን ልጅ አይተኸዋል?»

አብዛኞቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ቀን አንድ ቀጭን ወታደር ከጠጣ በኋላ «አውቀዋለሁ፤ ደኅና ነው፤ ከኋላ እየመጣ ነው» አላት። እኔ ቅሉን ጥዬ ወደ ቤት ላብስር ልሮጥ ስል እጄን ያዘችኝ። ወታደሩን ምንም አልጠየቀችውም። የየትኛው ጦር እንደሆነም፣ የት እንዳየውም አልጠየቀችም። ሁለተኛ በሶ በጠበጠችለት፤ ጠጣ፤ ሄደ።

እኔ እስኪመሽ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። ካደግኩ በኋላ፣ ያ ሰው ለምን እንደዋሻት ስጠይቃት ቅር እንኳ አላላትም። «ምን ያድርግ ልጄ፣ ባዶ እጁን ተቀብሎ መሄድ አሳፍሮት ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ቁራሹ ተቀመጠ። ማታ ለመሸበት መንገደኛ ወይም ለጎረቤት ልጅ ይሰጣል፤ በሚቀጥለው በዓል ደግሞ እንደገና ይቀመጣል። ፍትሐት ይደረግለት፣ ተዝካሩ ይውጣ ያሉ ዘመዶች ነበሩ። «ማን ሞተ አላችሁ?» ብላ ትመልሳቸዋለች። ቄሱም ኋላ ኋላ ተዉአት።

ባለፈው ዓመት መስከረም አንድ ቀን ስደውል ስልኩ ብዙ ሞክሮ ነው የገባው። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። እንደ ልማዷ ሁሉንም ጠየቀች። ስትሰናበተኝ «የከርሞ ሰው ይበልሽ» አለችኝ። እኔ አሜን ብዬ ዘጋሁ። ወጥ ሊያርርብኝ ነበር።

በየካቲት ስትሞት መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ስልክም የሚሠራው ሲሠራ ነበር። መርዶው የደረሰኝ በሦስተኛው ቀን፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ነው። እሷ በዚያን ጊዜ አፈር ከለበሰች ሁለት ሌሊት አልፏታል። ሰባት የልጅ ልጆች አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ተቀምጠን አንዳችንም አልቀበርናትም። «ይበልሽ» ያለችኝ ትዝ ያለኝ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ከለቀስተኞቹ አንዷ ስትሄድ እናቴን «የከርሞ ሰው ይበለን» ስትላት። በዓመቱ መጀመሪያ ነግራኝ ነበር፤ ራሷን ከምርቃቱ አውጥታ። አንዲት «ን» ነበረች፤ እኔ አልሰማኋትም።

ስለዚህ ዘንድሮ ምስጋናዬን ለአገር ሁሉ አልበትነውም። የማመሰግናቸው የማውቃቸውን ነው።

ስልክሽን ይዘሽ ያን ሁሉ ዓመት አጥር የተሻገርሽው ጎረቤታችን፣ አንድም ቀን «ሥራ ላይ ነኝ» ብለሽኝ አታውቂም። በመጨረሻው ሳምንት ውኃ በማንኪያ ያጠጣሻት አንቺ ነሽ፤ ልጆቿ ልናደርገው የሚገባንን። እግዚአብሔር ዋጋሽን ይክፈልሽ።

በዚያ ጭንቅ ወቅት፣ ከቤት መውጣት በሚያስፈራበት ቀን፣ ቃሬዛውን ተሸክማችሁ እስከ ደብሩ ያደረሳችኋት የአገሬ ወጣቶች፣ ስማችሁን አንድ በአንድ አውቃለሁ፤ የማልጽፈው ለእናንተው ብዬ ነው።

የዚያን ቀን የታክሲው ሾፌር፣ ወንድሜ፣ አላውቅህም። ስጮህ ሬዲዮውን አጠፋህ፤ ተሳፋሪዎቹን አስፈቅደህ እስከ ሰፈሬ በር አደረስከኝ፤ ሂሳብም አልተቀበልክም። ይህን ካነበብክ እኔ ነኝ።

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፣ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ሠርታችሁልኛል፤ ስህተት ነበረው፤ ይቅር ብያችኋለሁ።

ከፋሲካ በኋላ መንገዱ ሲከፈት ትልቁ አጎቴ መጡ። በፌስታል የጠቀለሉት የመሬት ደብተሯን ነበር። እኛ የእሷ ፎቶ አልነበረንም ማለት ይቻላል፤ በስልኬ ባሉት ሁሉ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባለች። በ1997 ዓ.ም. የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ግን ባለይዞታው ፎቶ መነሣት ነበረበት። ፎቶ አንሺው ነጠላዋን ከግንባሯ ገፋ እንድታደርግ አዘዛት መሰለኝ፤ በቁጣ ታየዋለች። ትልም ያጣመመ እኩል አራሽ የምታይበት ዓይን ነው። አሳድገን ሳሎን ውስጥ የሰቀልነው እሱን ነው። እንግዶች «ምነው ተቆጡ?» ይላሉ፤ እኛም በራሷ ስም በተሰጣት መሬት ላይ የተነሣችው ነው ብለን እንመልሳለን።

አጎቴ ለውርሱ ጉዳይ የምዝገባውን ቅጂም ይዘው ነበር። የልጆች ዝርዝር የሚል ቦታ አለው። አራቱ በየተራቸው አሉ፤ አምስተኛው ላይ ትንሹ አጎቴ አለ። ዕድሜ በሚለው ሥር 36 ተጽፏል። የራሷን ዕድሜ አንድም ቀን በቁጥር ያልተናገረች ሴት የእሱን ትቆጥር ነበር።

ከዚያ አጎቴ አንድ ሌላ ነገር ነገሩን። ከማረፏ ሦስት ሳምንት በፊት የንስሐ አባቷን አስጠርታ የልጁን የክርስትና ስም ሰጥታቸዋለች፤ «ከእኔ ጋር አብረው ይጥሩት» ብላ። ቄሱም በአርባዋ ጠሩት። እናቴ ይህን ስትሰማ ለእሷ ካለቀሰችው ይልቅ ለወንድሟ አለቀሰች፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት የተጠራቀመ ነበር።

ለዘንድሮ ምኞቴ እንግዲህ ጠበብ ያለ ነው። በሰሜን ጦርነት ልጁ ሄዶ ወሬው ያልመጣለት ቤት እንዳለ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህም በየአቅጣጫው የተጨመረ አለ። ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቆርሳችሁ አንድ ቁራሽ ለብቻ ያኖራችሁ እናቶች፣ ማን ሞተ የምትሉም፣ ለመጥራት የቆረጣችሁም፣ እንኳን አደረሳችሁ። ልጆቹን የምትልኩ ሰዎች ደግሞ፣ በየትኛውም ወገን ብትሆኑ፣ ቢያንስ ስማቸውን መዝግቡ። ቢያንስ ለእናት ንገሩ። መንገድ ዳር በሶ ይዛ አታስቀምጧት።

ከቤቱ በታች ያለችው ቁራጭ ማሳ በእጣ ስትከፋፈል ለትንሹ አጎቴ የምትደርሰው ነበረች። አራቱ ወንድምና እህቶች ተቀምጠው ሲነጋገሩ ማንም ስሟን አላነሣም፤ ማንም ይገባኛል አላለም። ትልቁ አጎቴ በሰኔ ባቄላ ዘሩባት።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ስልኩ ጠራ። እሳቸው ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲሞክሩ ኖሯል። እንኳን አብሮ አደረሰን ተባባልን። ከፊቴ የተቀመጠው ወጥ ማረር ጀምሮ ነበር፤ ዘንድሮ ይረር አልኩ። ባቄላው አብቧል አሉኝ፤ ንቡ ገብቶበታል፤ ዝናቡ ካልከፋ ጥሩ ነው፤ ጭላዳው ግን አስቸግሯል። የልጅ ልጃቸው ወንጭፍ ይዛ ቆማለች። ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ አብረን አማረርን። ሊሰናበቱኝ ሲሉ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠበቅ አደረግኩ።

«በይ ልጄ፣ የከርሞ ሰው ይበለን» አሉኝ።

ደግመው እንዲሉት ጠየቅኋቸው። መስመሩ የተበላሸ መስሏቸው ጮክ ብለው ደገሙልኝ። «ይበለን» ነው ያሉት።